ዲኤንኤን ከመስታወት ገጽ ጋር አስሮ በነጠላ ሞለኪውል ፍሎረሰንስ ማጥናት፦ የትኛው ገጽ ለየትኛው ጥያቄ?

በነጠላ ሞለኪውል ፍሎረሰንስ፣ ማለትም ሌዘር ሲያርፍበት በሚያበራ ማቅለሚያ ሞለኪውሎችን አንድ በአንድ ለይቶ በማየት፣ ዲኤንኤን ለማጥናት የሚነሣ ተመራማሪ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ሌዘሩ፣ ስለ ካሜራውና ስለ ማቅለሚያው ነው። ዲኤንኤው የሚታሰርበትን መስታወት የሚያስበው በመጨረሻ ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን መስታወቱን ናሙናው እንዳይሸሽ ከመያዝ ያለፈ ሥራ የሌለው አድርጎ ይቆጥረዋል። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። ገጹ የሙከራው አካል ነው። በደንብ ያልተሸፈነ መስታወት ፕሮቲን ይይዛል፣ ዲኤንኤውን ያጋድማል፣ የኢንዛይሙን ፍጥነት ይለውጣል፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ይህን ሁሉ ሲያደርግ በካሜራው ላይ የሚታየው ነጥብ ከትክክለኛው ምልክት ጋር አንድ ዓይነት መምሰሉ ነው።

በፈሳሽ ውስጥ በነጻ የሚንቀሳቀስ አጭር ዲኤንኤ በኮንፎካል ማይክሮስኮፕ የትኩረት ቦታ ውስጥ የሚቆየው አንድ ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ሞለኪውሉ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ማወቅ ይቻላል፤ ከአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሸጋገር ለሰከንዶችና ለደቂቃዎች መከታተል ግን አይቻልም። የታሰረ ሞለኪውል በአንጻሩ ማቅለሚያው እስኪከስም ድረስ ይታያል፤ በአንድ የካሜራ ዕይታም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞለኪውሎች አብረው ይመዘገባሉ። የአበራሩ ዘዴም ለታሰረ ሞለኪውል የተመቸ ነው። ከመስታወት ወደ ውሃ የሚሻገር የሌዘር ጨረር ከ61 ዲግሪ ገደማ በሚበልጥ አንግል ካረፈ ሙሉ በሙሉ ወደ መስታወቱ ይመለሳል፤ በውሃው በኩል የሚቀረው ከ100 እስከ 200 ናኖሜትር ጥልቀት ያለው፣ ከገጹ በራቀ ቁጥር በፍጥነት እየደከመ የሚጠፋ ስስ ብርሃን ነው። ሙሉ ውስጣዊ ነጸብራቅ በሚባለው በዚህ ዘዴ ከላይ ባለው ፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፉት ማቅለሚያዎች እምብዛም አይበሩም፤ ገጹ ላይ ያሉት ግን ጎልተው ይታያሉ። ገጹ ላይ ያለ ቦታው የተጣበቀ ነገርም በዚያው መጠን ጎልቶ ይታያል ማለት ነው።

ምርጫውን የሚወስኑት ነገሮች

ገጽ ከመምረጥ በፊት ዲኤንኤው ምን ያህል እንደሚረዝምና በፈሳሹ ውስጥ ፕሮቲን መኖር አለመኖሩ መታወቅ አለበት። ሌላው ሁሉ ከእነዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

በድርብ ዲኤንኤ ውስጥ እያንዳንዱ የቤዝ ጥንድ 0.34 ናኖሜትር ያህል ርዝመት ይጨምራል፤ ሞለኪውሉም እስከ 50 ናኖሜትር ድረስ፣ ማለትም እስከ 150 የቤዝ ጥንዶች ገደማ፣ እንደ ዘንግ ቀጥ ብሎ የመቆም ባሕርይ አለው። ስለዚህ 40 የቤዝ ጥንዶች ያሉት ዲኤንኤ 14 ናኖሜትር የሚያህል ዘንግ ነው፤ በየትኛውም አቅጣጫ ቢያዘነብል ከብርሃኑ ንብርብር አይወጣም። በርካታ ቤተ ሙከራዎች የሚጠቀሙበት የላምዳ ቫይረስ ዲኤንኤ ግን 48,502 የቤዝ ጥንዶች አሉት፤ ሲዘረጋ 16.5 ማይክሮሜትር ይደርሳል። ይህን ሞለኪውል በአንድ ጫፉ ብቻ አስረን ብንተወው ከአንድ ማይክሮሜትር በላይ ስፋት ያለው የተጠቀለለ ክር ይሆናል፤ አብዛኛው ክፍሉም ከሚበራው ንብርብር በላይ ይቀራል። ለአጭሩ ዲኤንኤ ንጹሕ ገጽና አንድ ማሰሪያ ይበቃል፤ ረጅሙ ግን የሚዘረጋበት መንገድ ካልተገኘለት ምንም መልስ አይሰጥም።

ሁለተኛውን ነገር ለመረዳት ኤሌክትሪካዊ ሙልን ማሰብ ይጠቅማል። በገለልተኛ ፒኤች መስታወትም ዲኤንኤም አሉታዊ ሙል ስላላቸው እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ፤ ስለዚህ እርቃኑን ያለ ዲኤንኤ ከንጹሕ መስታወት ጋር ያለ ቦታው የመጣበቅ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ፒኤች ሲወርድ ወይም እንደ ማግኒዝየም ያሉ ድርብ አዎንታዊ ሙል ያላቸው አዮኖች ሲበዙ ግን ይህ መገፋፋት ይዳከማል። ፕሮቲን ደግሞ በገጽታው ላይ አዎንታዊም፣ አሉታዊም፣ ውሃን የሚሸሹም ቦታዎች ስላሉት ከማንኛውም ያልተሸፈነ መስታወት ጋር የሚጣበቅበት ምክንያት አያጣም።

በአልቡሚን የተሸፈነ ገጽ ወይስ በፔግ?

ለአጭር ዲኤንኤ ዋናው ምርጫ በእነዚህ በሁለቱ፣ በፕሮቲኑ በአልቡሚንና ፔግ በተባለው ረጅም ክር መሰል ውህድ፣ መካከል ነው። ሁለቱም የሚጠቀሙት አንድ ዓይነት ቋጠሮ ነው፤ ዲኤንኤው በአንድ ጫፉ ላይ ባዮቲን የተባለው ትንሽ የቫይታሚን ሞለኪውል ይኖረዋል፣ ገጹም ባዮቲን ይኖረዋል፣ በመካከላቸው ስትሬፕታቪዲን ወይም ኒውትራቪዲን የተባለው ፕሮቲን ሁለቱን ያገናኛል። ይህ ትስስር ኮቫለንት ካልሆኑት ትስስሮች ሁሉ ከጠንካሮቹ አንዱ ነው፤ የመለያየት መጠኑ 10⁻¹⁴ ሞላር አካባቢ ስለሆነ በአንድ ቀን ሙከራ ውስጥ ይፈታል ተብሎ አይሠጋም። ከእንቁላል ነጭ የሚገኘውን አቪዲንን ግን አልመክርም፤ አዎንታዊ ሙሉ ከፍተኛ በመሆኑ ዲኤንኤን ከባዮቲኑ ውጭ በሆነ መንገድ ይስባል። ኒውትራቪዲን ስኳሩ የተወገደለትና ወደ ገለልተኛ ሙል የቀረበ በመሆኑ ይሻላል።

የአልቡሚኑ መንገድ ቀላል ነው። ባዮቲን የተያያዘበት የከብት ደም አልቡሚን በአንድ ሚሊሊትር አንድ ሚሊግራም በሚሆን ክምችት ፈሳሹ በመስታወቱ ላይ በሚያልፍበት የፍሰት ቦይ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ አልቡሚኑ በራሱ መስታወቱ ላይ ይነጠፋል፤ ከታጠበ በኋላ ኒውትራቪዲን፣ ከዚያም ከ10 እስከ 100 ፒኮሞላር የሆነ ዲኤንኤ ይገባል። ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ናሙናው ለዕይታ ዝግጁ ነው። አልቡሚን ራሱ አሉታዊ ሙል ስላለው እርቃኑን ያለውን ዲኤንኤ አይስብም። የዲኤንኤ ፀጉር ማሰሪያ ቅርጽ ሲከፈትና ሲዘጋ ለማየት፣ አራት ክንድ ያለው የዲኤንኤ መገናኛ ቅርጹን ሲለዋውጥ ለመከታተል፣ ወይም ዘጠኝና አሥር ቤዝ ያላቸው አጫጭር ክሮች እየመጡ ሲያርፉና ሲለቁ ቆጥሮ ከፍተኛ ጥራት ያለው ምስል ለመገንባት ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ሁለት ቀን የሚፈጅ የገጽ ዝግጅት ውስጥ መግባት ድካምን ከማብዛት ያለፈ ጥቅም የለውም።

ፕሮቲን ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። የአልቡሚን ንጣፍ ክፍተቶች አሉት፤ ፖሊመሬዝ፣ ሄሊኬዝ ወይም ዲኤንኤን የሚጠግን ማንኛውም ፕሮቲን በእነዚህ ክፍተቶች ገብቶ መስታወቱ ላይ ያርፋል፣ ከራሱ ከአልቡሚኑ ጋርም ይጣበቃል። ፔግ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ፖሊኢትሊን ግላይኮል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ክብደታቸው 5,000 ዳልተን ያህል የሆኑ የፔግ ክሮች በአንድ ጫፋቸው ከመስታወቱ ጋር በኮቫለንት ትስስር ይያያዙና ተቀራርበው እንደ ጥቅጥቅ ሣር ይቆማሉ። እያንዳንዱ ክር ውሃ ስለሚይዝ ወደ መስታወቱ ለመድረስ የሚፈልግ ፕሮቲን ሣሩን መጫንና ውሃውን ማስወጣት ይኖርበታል፤ ይህም ጉልበት ስለሚጠይቀው ተመልሶ ይሄዳል። ከመቶው ሁለት ያህሉ ክሮች ብቻ ጫፋቸው ላይ ባዮቲን ይኖራቸዋል፤ ዲኤንኤው የሚታሰረው በእነዚያ ላይ ነው።

የፔግ ድካሙ በዝግጅቱ ላይ ነው። መስታወቱ በፖታስየም ሃይድሮክሳይድ፣ ብዙ ጊዜም በሰልፈሪክ አሲድና በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ድብልቅ ይታጠባል፤ ይህ ድብልቅ ከኦርጋኒክ ፈሳሽ ጋር ከተገናኘ ሊፈነዳ የሚችል በመሆኑ ያለ ሙሉ ጥንቃቄና ያለ ጭስ ማውጫ ሊነካ አይገባም። ቀጥሎ አሚን ያለው ሲሌን የተባለው የሲሊከን ውህድ መስታወቱ ላይ ይተሳሰራል፤ በመጨረሻም ፔጉ ፒኤቹ 8.5 በሆነ የባይካርቦኔት ውህድ ውስጥ ይጨመራል። ውሃ የፔጉን አጸግብሮታዊ ጫፍ በፍጥነት ስለሚያበላሸው ዱቄቱ ከሟሟ በኋላ ሳይዘገይ መስታወቱ ላይ መዋል አለበት። የሚሳነው ገጽ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በፔጉ ምክንያት አይደለም፤ ቀደም ብሎ መስታወቱ በደንብ ሳይጸዳ በመቅረቱ ወይም ሲሌኑ ቆይቶ እርጥበት በመሳቡ ነው። ስለዚህ ገጹ መጥፎ ሲወጣ ፔግ ከመለወጥ በፊት አዲስ ሲሌን መክፈት ይበጃል። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ በአጫጭር የፔግ ክሮች የሚደረግ ሁለተኛ ዙር ረጃጅሞቹ የተዉአቸውን ክፍተቶች ይሞላል፤ እኔ ይህን ዙር ፕሮቲን ላለበት ሥራ ሁሉ አስፈላጊ አድርጌ እወስደዋለሁ። በደንብ የተሠራ ገጽ ደርቆ፣ በናይትሮጅን ተሞልቶና ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ቅዝቃዜ ከተቀመጠ ለሳምንታት ይቆያል።

አንድ ጥያቄ አለ፤ ዛሬ ፕሮቲን የለም፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ይጨመራል ብንልስ? በዚህ ጊዜ ከመጀመሪያው በፔግ መጀመርን እመርጣለሁ። በአልቡሚን ገጽ ላይ የተለካ የመለዋወጥ ፍጥነት ከጊዜ በኋላ በፔግ ገጽ ላይ ከተለካው ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ የፕሮቲኑ ይሁን የገጹ ለመለየት ያስቸግራል።

ሦስተኛው መንገድ፣ የስብ ንብርብርና ከረጢት

ፔግ ሊመልሳቸው ያልቻለ ፕሮቲኖች ሲያጋጥሙ ዳይክሎሮዳይሜቲልሲሌን የተባለው ውህድ መስታወቱን ውሃ ጠል ያደርገዋል፤ በላዩ ላይ ባዮቲን ያለው አልቡሚን ጥቂት ብቻ እንዲያርፍ ይደረግና ቀሪው ቦታ ትዊን 20 በተባለው ሳሙና መሰል ውህድ ይሸፈናል። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው ይህ ዘዴ ከፔግ የተሻለ መከላከያ እንዳሳየ ተዘግቧል፤ የዝግጅቱ ጊዜም ከፔግ ያጥራል። ፔግን ለማዘጋጀት ልምዱም ጊዜውም ለሌለው ጀማሪ ይህን ከፔግ በፊት እንዲሞክር እመክረዋለሁ።

የስብ ሞለኪውሎች ድርብ ንብርብር ከሕያው ሕዋስ ሽፋን ጋር ስለሚመሳሰል ለፕሮቲን እጅግ የተመቸ ገጽ ነው፤ ነገር ግን ሞለኪውሎቹ በንብርብሩ ላይ ስለሚንሸራተቱ ዲኤንኤው ባለበት አይቆምም። ይህ ለአጭር ዲኤንኤ ችግር ቢሆንም ለረጅሙ ወደ ጥቅም የተለወጠበትን መንገድ ወደታች እንመለስበታለን። ሌላው አማራጭ ዲኤንኤውን ጨርሶ አለማሰር ነው፤ 100 ወይም 200 ናኖሜትር ስፋት ባለው የስብ ከረጢት ውስጥ ሞለኪውሉ ይዘጋበትና የሚታሰረው ከረጢቱ ይሆናል። ሞለኪውሉ በከረጢቱ ውስጥ በነጻ ስለሚንቀሳቀስ ከገጹ ጋር የሚያደርገው ንክኪ እጅግ ይቀንሳል፤ ደካማ ትስስር ያላቸው ሁለት ሞለኪውሎችም በአንድ ከረጢት ውስጥ ደጋግመው ይገናኛሉ። ጉድለቱ አዮኖችንና ሌሎች ውህዶችን በሙከራው መካከል መለወጥ አስቸጋሪ መሆኑ ነው።

ረጅም ዲኤንኤን መዘርጋት

ረጅሙን ዲኤንኤ ዘርግቶ ለማየት ከሁሉ ቀላሉ ማበጠር ነው። ፒኤቹ 5.5 አካባቢ በሆነ ፈሳሽ ውስጥ የዲኤንኤው ጫፎች ውሃ ጠል በሆነ ገጽ ላይ ይያዛሉ፤ መስታወቱ ከፈሳሹ ቀስ ብሎ ሲወጣ ወደ ኋላ የሚያፈገፍገው የውሃ ጠርዝ እያንዳንዱን ሞለኪውል በአንድ አቅጣጫ ጎትቶ ያስተኛዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 የቀረበው ይህ ዘዴ ዲኤንኤውን ከተፈጥሯዊ ርዝመቱ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ስለሚያስረዝመው በአንድ ማይክሮሜትር ወደ 2,000 የቤዝ ጥንዶች ይቆጠራሉ። ለካርታ ሥራ፣ ማለትም አንድ ምልክት በጂኖሙ ላይ የት እንዳለ ለመለካት፣ የሚተካከለው የለም ማለት እችላለሁ። ሆኖም ዲኤንኤው ደርቆ፣ ተለጥጦና በገጹ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ኢንዛይም ሲሠራ ለማየት አይሆንም። አዎንታዊ ሙል ባለው ፖሊላይሲን ላይ ማሳረፍም እንዲሁ ነው፤ ምስል ይሰጣል እንጂ እንቅስቃሴ አይሰጥም።

እንቅስቃሴ ማየት የሚፈልግ ሰው ዲኤንኤውን በአንድ ጫፍ አስሮ በፈሳሽ ፍሰት ሊዘረጋው ይችላል። የላምዳ ዲኤንኤ በሁለቱም ጫፎቹ 12 ቤዝ የሚያህል ነጠላ ክር ስላለው ባዮቲን ያለው አጭር ክር ማገናኘት ቀላል ነው። ፍሰቱ ሲቆም ግን ሞለኪውሉ ተመልሶ ይጠቀለላል፤ ፍሰቱ ባልቆመበት ጊዜም በዲኤንኤው ላይ የሚንሸራተተውን ፕሮቲን ስለሚገፋው የእንቅስቃሴው አቅጣጫ የፕሮቲኑ ይሁን የፍሰቱ መለየት ያስፈልጋል። ፕሮቲን በዲኤንኤ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲንሸራተት ለማጥናት የምመርጠው በፍሰት እየዘረጉ ሁለቱንም ጫፎች ማሰር ነው፤ ከዚያ ፍሰቱን ዘግቶ በጸጥታ መመልከት ይቻላል። ሁለቱ ጫፎች ምን ያህል ተራርቀው እንደታሰሩ ከሞለኪውል ሞለኪውል ስለሚለያይ ውጥረቱም ይለያያል፤ ውሂብ ሲተነተን የእያንዳንዱ ርዝመት አብሮ መመዝገብ አለበት።

የስብ ንብርብሩ መንሸራተት ጥቅም የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በኤሪክ ግሪን ቤተ ሙከራ በተዘጋጀው የዲኤንኤ መጋረጃ በሚባለው ዘዴ ዲኤንኤው ከስብ ንብርብሩ ጋር ይታሰራል፤ ፍሰቱ ሞለኪውሎቹን ገፍቶ በመስታወቱ ላይ በተሠሩ ስስ የክሮሚየም እርከኖች ላይ ያሰልፋቸዋል፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሞለኪውሎች በአንድ መስመር ጎን ለጎን ተዘርግተው ይታያሉ። ብዛቱ ለስታቲስቲክስ እጅግ የተመቸ ቢሆንም እርከኖቹን ለመሥራት የኤሌክትሮን ጨረር መሣሪያ ያስፈልጋል፤ መሣሪያው በቅርብ ለሌለው ሰው ሁለቱን ጫፍ በፔግ ላይ ማሰር በቂ ነው።

ለረጅም ዲኤንኤ ማቅለሚያ ሲመረጥ ዮዮ 1 የተባለው ብሩህ ማቅለሚያ በቤዞች መካከል ስለሚገባ ሞለኪውሉን እንደሚያስረዝመው መዘንጋት የለበትም፤ የላምዳ ዲኤንኤ ከ16.5 ወደ 21 ወይም 22 ማይክሮሜትር ሊደርስ ይችላል። በብርሃን ሲመታም ዲኤንኤውን ይበጣጥሳል። ሳይቶክስ ኦሬንጅ በፍጥነት የሚገባና የሚወጣ በመሆኑ ኢንዛይም ላለበት ሥራ ይሻላል።

ስለ ቋጠሮው

ከባዮቲን ሌላ ዲጎክሲጀኒን የተባለው ትንሽ ሞለኪውልና እሱን የሚይዘው ፀረ እንግዳ አካል ይሠራሉ፤ ቋጠሮው ከባዮቲኑ ደካማ ቢሆንም ሁለት ጫፎችን በሁለት የተለያዩ ነገሮች ለማሰር ይጠቅማል። የኮቫለንት ትስስር የሚያስፈልገው ዲኤንኤው ደጋግሞ በሙቀት ወይም በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እየተፈታ የሚታጠብ ከሆነ፣ ወይም ፈሳሹ የሕዋስ ጭማቂ ሆኖ የራሱ ባዮቲን ካለው ነው። መዳብ ሳያስፈልገው ከአዛይድ ጋር የሚፈጠረው የክሊክ ኬሚስትሪ ትስስር ለዚህ ተመራጭ ነው፤ መዳብ ዲኤንኤን ይጎዳልና። እንዲያው አሚን ባለው ሲሌን ላይ ዲኤንኤን ማሳረፍ ግን ኮቫለንት ማሰር አይደለም፤ አዎንታዊው ገጽ ሞለኪውሉን ሙሉ በሙሉ ያስተኛዋል።

ቋጠሮው የሚገኝበት ጫፍም ይመረጣል። ኢንዛይሙ ከጫፍ የሚጀምር ከሆነ ያ ጫፍ ነጻ መሆን አለበት፤ በማሰሪያውና በሚጠናው ክፍል መካከልም ቢያንስ ከ15 እስከ 20 የቤዝ ጥንዶች የሚሆን ርቀት ሊኖር ይገባል።

በክምችት የሚገደብ ሥራ ካለ አንድ ነገር ልጨምር። በሙሉ ውስጣዊ ነጸብራቅ ሥር በፈሳሹ ውስጥ የሚገኝ የቀለመ ፕሮቲን ከጥቂት አሥር ናኖሞላር ሲበልጥ ዳራው ነጥቦቹን ይውጣቸዋል። ደካማ ትስስር ያለው ፕሮቲን ማይክሮሞላር የሚፈልግ ከሆነ ገጽ በመለወጥ አይፈታም፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የቀረቡት በአሉሚኒየም ንጣፍ ውስጥ የተበሱ፣ ስፋታቸው 100 ናኖሜትር ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ቀዳዳዎች የሚበራውን ይዘት አጥብበው መፍትሔ ይሰጣሉ።

የተመረጠው ገጽ እንደሚሠራ እንዴት ይታወቃል?

የትኛውም ገጽ ቢመረጥ በየዙሩ መፈተን አለበት፤ ትናንት ጥሩ የነበረ ዝግጅት ዛሬ ላይደገም ይችላል። የመጀመሪያው ፈተና ኒውትራቪዲን ሳይጨመር የቀለመውን ዲኤንኤ ወይም ፕሮቲን ለሙከራው በሚውለው ክምችት ማስገባት ነው። ከታጠበ በኋላ በዕይታው ውስጥ የሚቀሩት ነጥቦች ያለ ቦታቸው የተጣበቁ ናቸው። በትክክለኛው ናሙና ሦስት መቶ ነጥብ የሚታይ ከሆነና በዚህኛው አሥር ከታየ ሥራውን መቀጠል ይቻላል፤ ስድሳ ከታየ ግን ከአምስቱ ነጥብ አንዱ የማይታመን ስለሆነ ገጹ መጣል አለበት።

ይህ ፈተና የማይይዘው አንድ ስሕተት አለ፤ በባዮቲኑ በትክክል ታስሮ፣ ሌላው ክፍሉ ግን ገጹ ላይ የተኛ ዲኤንኤ። ለዚህ በማሰሪያውና በማቅለሚያው መካከል ኢኮአርአይ የተባለው ዲኤንኤ ቆራጭ ኢንዛይም የሚቆርጠው ቦታ፣ ማለትም የስድስት ቤዞች ተርታ፣ አስቀድሞ ማስገባት ጥሩ ዘዴ ነው። ኢንዛይሙ ሲገባ በነጻ የቆመው ዲኤንኤ ይቆረጥና ነጥቡ ይጠፋል፤ የተኛው ግን ኢንዛይሙ ስለማይደርስበት፣ ቢቆረጥም ስለማይለቅ፣ እንዳለ ይቀራል። የሚቀረው ድርሻ የገጹን ጥራት ያለ ይሉኝታ ይናገራል፤ የጠፋው ድርሻም በሌዘሩ ምክንያት የከሰመ እንዳይሆን ኢንዛይም ያልገባበት ቦይ በእኩል ብርሃንና በእኩል ጊዜ አብሮ መታየት አለበት።

በመጨረሻም አንድ ፕሮቲን በዲኤንኤው ላይ የሚቆይበት ጊዜ ሲለካ የሌዘሩን ኃይል በግማሽ ቀንሶ መድገም ያስፈልጋል። ጊዜው ከረዘመ የተለካው የማቅለሚያው መክሰም ነበር፤ ካልተለወጠ ደግሞ ፕሮቲኑ ዲኤንኤ በሌለበት በዚያው ገጽ ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ለክቶ ማነጻጸር ይቀራል። ሁለቱ ጊዜያት ተመሳስለው ከተገኙ ፕሮቲኑ ዲኤንኤውን ሳይሆን መስታወቱን ይዞ ነበርና ወደ ገጹ ዝግጅት መመለስ ግድ ነው።